በዚህ አድራሻ የለችም

ያንሱን ተሳስታ ነበር። ይህን ለራሷ ለማመን ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። አንድ ሰው እውነተኛ ስሟን ከአፏ ሰምቶ፣ እንደ ትኩስ ፍም ከእጁ ጥሎት የሸሸ ይመስላት ነበር። በዚህ እምነት ላይ ኑሮ መሠረተች፤ ተዳረች፣ ባሏን ቀበረች፣ ፀጉሯ ሸበተ። ቂም ዕድሜው ሲረዝም ቂምነቱ ይቀርና የቤት ዕቃ ይሆናል፤ ሰው አቧራውን እያራገፈ አብሮት ይኖራል።

የዚያን ጊዜ፣ በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ፣ በኢኩኖ ሰፈር ሰው ሁሉ በየጓዳው ነጠላ ጫማ ይሠራ ነበር። መንገዱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤ ሕፃናቱ እንኳ ከእናታቸው ጡት ቀጥሎ የሚያውቁት ሽታ እሱ ነው። የሃያ ዓመቷ ያንሱን ምድር ቤት ተቀምጣ ሶል ትቀባለች፤ አባቷ ዱሆ አጠገቧ መጭመቂያውን መኪና ያስጮሃሉ። በሩ ላይ የተቸነከረችው ጠባብ ጣውላ «ካኔሞቶ» ትላለች። በሰፈሩ ከሚኖሩት ኮሪያውያን ሁለት ስም የሌለው አልነበረም፤ አንዱ የበር፣ አንዱ የጓዳ። እሷም በበሩ ስም ሳቺኮ ነበረች።

ኦኩዳ ናኦሚቺ ጃፓናዊ ነው፤ የጫማ አከፋፋዩ ልጅ። ማክሰኞና ዓርብ በአሮጌ የጭነት መኪና መጥቶ የተሠራውን ጭኖ ይሄዳል። ከአከፋፋዩ ቤት የሚላኩት ሌሎች ሰዎች በኮሪያ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ በር ላይ ቆመው ይጣደፋሉ። እሱ ግን የገብስ ሻይ ስታቀርብለት ጽዋውን ከመቀበሉ በፊት የሥራ ጓንቱን ያወልቃል። ሁለቱንም፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ከአንዱ ላይ አነባብሮ። ያንሱን ልቧን የሰጠችው ለዚያች ጓንት ማውለቅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እንዲያ አክብሮ ከእጇ የተቀበላት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና።

አከፋፋዩ አባት መዋደዳቸውን በሰማ በሳምንቱ ልጁን ወደ ሰሜን፣ ሃኮዳቴ፣ ዓሣ በጣሳ ወደሚያሽግ አጎቱ ዘንድ ሰደደው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ቦይ ድልድይ ላይ ተገናኙ። ውኃው እንደወትሮው ጥቁር ነበር፤ የቼሪ አበባ ግን ጥቁርነቱን ሳይጠየፍ ረግፎበት ነበር።

«እንደደረስኩ አድራሻዬን ጽፌ እልክልሻለሁ፣ ሳቺኮ።»

«ሳቺኮ አትበለኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ያንሱን። ኪም ያንሱን ነው ስሜ። ከአባባና ከሞተችው እናቴ በቀር ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።»

ናኦሚቺ ስሙን በለሆሳስ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ገና ያልቀመሰውን ፍሬ እንደሚያጣጥም ሰው። «ከዛሬ ወዲያ በሌላ ስም ብጠራሽ ምላሴ ይቆረጥ» አለ።

«አትማል። ኦሳካ ምላስ ቆራጭ ሞልቷል» አለችው፤ ሳቁ። በዚያ ድልድይ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት አለፈ፤ የሰኔ ዝናብ መጣ። ደብዳቤ ግን አልመጣም። ኮሪያዊት መሆኗንማ ያውቅ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ኮሪያዊ አይደለም እንዴ? ማወቅ ሌላ፣ ስም ሌላ። ሳቺኮን መውደድ ይቻላል፤ ያንሱንን ግን ለእናት አያስተዋውቁም። እንዲህ ብላ ፈረደች። የሰጠችውን ስም ተመልሶ ሊመጣ እንደማይችል ዕቃ አዝናለት ቀበረችው፤ ያ ሐዘን ከዚያ በኋላ የመጡትን ሐዘኖች ሁሉ አስናቀ።

*

ዘመን ግን ቀልደኛ ነው። የጫማው ሥራ ሞተ፤ ያንሱን ከቤታቸው ሥር በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ ኪምቺ፣ መሸጥ ጀመረች። ከዚያ አንድ ክረምት የጃፓን ሴቶች በሙሉ በቴሌቪዥን በሚታይ የኮሪያ ድራማ ፍቅር ተነደፉ። ባለ ዕንቁ የአንገት ጌጥ እመቤቶች ቡድን ቡድን ሆነው፣ እናቶቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉበት የነበረውን ሰፈር «ኮሪያ፣ ኮሪያ» እያሉ ፎቶ ያነሱ ጀመር።

ከጎኗ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠው እትዬ ማልሱን አንድ ቀን ወገቧን ይዛ የያንሱንን ሱቅ ሰሌዳ ሽቅብ ተመለከተች።

«አንቺ ልጅ! ‹ካኔሞቶ ኪምቺ›? ይኼ ምን የሚሉት ነው? ሴቶቹ ሁለት ሰዓት በባቡር የሚመጡት የኮሪያ እጅ የነካው ጎመን ፍለጋ ነው። አንቺ በር ላይ ጃፓን ለብሰሽ ትጠብቂያቸዋለሽ።»

«አባባ ይደነግጣሉ፣ እትዬ።»

«አባትሽ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከእንግዲህ የሚያስደነግጣቸው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰሌዳ አያነብም።»

«እትዬ!»

«ምን እትዬ እትዬ ትይኛለሽ? ድሮ ነጭ ሽንኩርት ሸተታችሁ ብለው ከትምህርት ቤት ያስለቀሱን ሰዎች፣ አሁን ያንኑ ሽታ በትኬት ገዝተው መጡልን። ዓለም ተገለበጠች። ስትገለበጥ ከላይ ሁኚ እንጂ!»

ያንሱን በሳምንቱ ሰሌዳውን አስለወጠች። «ኪም ያንሱን» አለ፣ በቀይ። ዱሆ ከበሩ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። የቤቱ መግቢያ ላይ ያለችውን አሮጌ ጣውላ ግን ማንም እንዳይነካባቸው አዘዙ። «ሱቁ የአንቺ ነው፤ በሩ የኔ ነው» አሉ። እንዲህ ሆኖ አንድ ቤት በግራ በኩል ኪም፣ በቀኝ በኩል ካኔሞቶ ሆነ። አንዲት ጋዜጠኛ ስለ ሰፈሩ ለመጻፍ መጥታ ያንሱንን ከሰሌዳው ሥር ጎመን ታቅፋ ፎቶ አነሳቻት።

ፎቶው ከወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በኅዳር ብርድ፣ ፖስተኛው ከሱቁ ፊት ሞተሩን አቆመ።

«ኪም ያንሱን እርስዎ ነዎት?»

ያንሱን በመጀመሪያ ያየችው ባርኔጣውን ነው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «የለችም» የሚል ቃል ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆመ። ዋጠችው። ኮምጣጣ ነበር።

«ነኝ» አለች።

ደብዳቤው አጭር ነበር። «ስምዎን ጋዜጣው ላይ፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ አየሁት። ሚስቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗል። ለሥራ ወደ ኦሳካ ስለምመጣ የፊታችን ረቡዕ ጠዋት በሱቅዎ ፊት አልፋለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ መዝጊያውን ዝቅ ያድርጉት፤ ይገባኛል። ከዚህ በፊትም ገብቶኛል። ኦኩዳ ናኦሚቺ።»

ከዚህ በፊትም ገብቶኛል! ያንሱን ወረቀቱን በበርበሬ በቀላ ጣቷ ጨመደደችው። ምኑ ነው የገባው? የማን ጥፋት ነው የገባው? አርጅቶ የሞተ የመሰላት ቂም ከተቀመጠበት ጥግ እንደ ወጣት ተነሥቶ ቆመ፤ ከሥሩም፣ ከዚያ ሁሉ አቧራ በታች፣ ድልድዩ ላይ የሳቀችው ልጅ አብራው ተነሣች። ከሁለቱ የትኛው እንዳስለቀሳት አላወቀችም።

*

ረቡዕ መዝጊያውን አላወረደችም። ቆማ ልታሳፍረው ነበር የፈለገችው።

«ከንፈርሽን ቀለም ነክቶታል» አለች እትዬ ማልሱን ከዓሣዎቿ መካከል።

«በርበሬ ነው።»

«አሃ። ዘንድሮ በርበሬው ያብረቀርቃል።»

መጣ። ትከሻው ጎበጥ ብሏል፤ ሽበቱ ከቅንድቡ ደርሷል። በሱቁ ደፍ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እሷም በደንበኛ ድምፅ «ይግቡ» አለችው። ዱሆ ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ቀና ብለው አዩት፤ ግራ ተጋብተው ተመልሰው አቀረቀሩ። ያንሱን የገብስ ሻይ ቀድታ ያለ ፈገግታ አቀረበች።

ናኦሚቺ ጓንቱን አወለቀ። ሁለቱንም፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ከአንዱ ላይ አነባብሮ። ከዚያ ጽዋውን ተቀበላት። ያንሱን ለማሳፈር ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«እንዲወቅሱኝ አይደለም የመጣሁት፤ ልወቅስዎም አይደለም» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አልፈለግሁህም ለማለት ሌላ መንገድ አልነበረም? ሰው ስሙን ከሰጠ በኋላ ይነጥቃል?»

«ማን ነው የነጠቀው?» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ስሜን ሰምተው የሸሹት እርስዎ አይደሉም? ሦስት ወር ሙሉ በር በሩን እያየሁ ... አንዲት መስመር! ‹ተይው፣ አልሆነልኝም› የምትል አንዲት መስመር እንኳ!»

ናኦሚቺ ጽዋውን አስቀመጠ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሦስት ፖስታዎች አውጥቶ በጎመን ቅርጫቶቹ መካከል በጥንቃቄ ደረደራቸው። ዕድሜ አወይቧቸዋል፤ አንዱም አልተከፈተም። በሦስቱም ላይ በወጣት እጅ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሙሽራ ተኩሎ፣ «ለኪም ያንሱን» ተብሎ ተጽፏል። በሦስቱም ላይ ወይን ጠጅ ማኅተም ተረግጧል፦ በዚህ አድራሻ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

«አንቺ ያስመለስሻቸው መሰለኝ» አለ። አንቱታው መቼ እንደወደቀ ሁለቱም አላስተዋሉም። «ስምሽን መልሰሽ የወሰድሽብኝ መሰለኝ።»

«በራችን ላይ ኪም የሚል አልነበረም» አለች በሹክሹክታ። «ካኔሞቶ ነው የሚለው። ዛሬም እንደዚያው ነው። ናኦሚቺ፣ ምነው ሳቺኮ ብለህ ብትጽፈው?»

«ጽፌ ነበር። አራተኛውን ሳቺኮ ብዬ ጽፌ ፖስታ ቤት ደረስኩ። ሳጥኑ አፍ ላይ ቀደድኩት። ቃል ገብቼ ነበር።»

«ምነው ያን ቃል በበላኸው! ሰው ሁሉ ቃሉን በሚበላበት አገር፣ አንተ ብቻ ...»

ከኋላ የቢላዋ መውደቅ ተሰማ። ዱሆ ተነሥተው በትከሻዋ በኩል ፖስታዎቹን እያዩ ቆመዋል፤ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ከጉልበታቸው ረገፈ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ፖስተኛው አዲስ ነበር፤ የሰፈር ልጅ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ ‹ኪም የሚባል እዚህ አለ?› አለ። የለም አልኩት። እጁ ላይ ምን እንደያዘ አላየሁም፣ ልጄ። ባርኔጣውን ነው ያየሁት።»

ያንሱን ምክንያቱን እንዲነግሯት አላስፈለጋትም። ዱሆ ከኮሪያዋ ጄጁ ደሴት፣ ደሴቲቱ በተቃጠለችበት ዘመን፣ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሆድ ዕቃ ተደብቀው ነው የመጡት። ያለ ወረቀት የገባ ሰው ከተያዘ ወደ ኦሙራ ማጎሪያ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወደ ሸሸው እሳት ይመለሳል። ስለዚህ የቤታቸው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነበር፦ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ኪም ብሎ ከጠየቀ፣ የለም። ልጅቱ «እማማ» ማለትን ሳትጨርስ ይህንን ነው የተማረችው።

«ሦስት ጊዜ፣ አባባ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የናቀኝ እየመሰለኝ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አባቴ አፍ!»

ዱሆ ተመልሰው ከመቀመጫቸው ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ፤ የሽማግሌ ማጅራት እንዲህ ቀጭን መሆኑን ያንሱን አስተውላ አታውቅም ነበር። ግን ቁጣዋ አልበረደም። ማየት ስላልፈለገች ፊቷን ወደ ፖስታዎቹ መለሰች፤ ማልቀሷን ለመደበቅ ብቻ፣ ከማኅተሞቹ ሥር ያለውን ቀን ታነብ ጀመር። ሚያዝያ ሃያ ሁለት። ግንቦት ሃያ። ሰኔ አሥራ ሰባት።

ሰኔ አሥራ ሰባት።

ጣቷ እዚያው ላይ ቀረ።

ሰኔ አሥራ ሰባት እናቷ ያረፈችበት ቀን ነው። በየዓመቱ በዚያች ቀን ዱሆ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በኢኮማ ተራራ ሥር ወዳለው የኮሪያውያን ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ፤ ሲመሽ ነው የሚመለሱት። በዚያች ቀን መጭመቂያው መኪና ዝም ይላል። በዚያች ቀን ቤት የምትውለው እሷ ብቻ ናት።

ዝናቡ ትዝ አላት። ማስቲሹ በእርጥበቱ አልደርቅ ብሏት ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈተች። ባርኔጣው ጫፍ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። አንድ እጁን ከሻንጣው ሳያወጣ «ይቅርታ፣ ኪም የሚባል ሰው እዚህ ቤት አለ?» አላት።

«የለም» አለችው። «እኛ ካኔሞቶ ነን።»

በሩን ዘጋች። ድምፅዋ ስላልተንቀጠቀጠ በራሷ እንኳ ኮርታ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ የናኦሚቺን ደብዳቤ እየጠበቀች ሶል መቀባቷን ቀጠለች።

«አባባ» አለች ሳትዞር። «ሰኔ አሥራ ሰባት ነው ይኼኛው።»

«ሦስቱንም እኔ ነኝ አልኩሽ።»

«ሰኔ አሥራ ሰባት እኮ ነው።»

«ሽማግሌ ነኝ። ቀን ይምታታብኛል።»

«የእማማ ቀን ግን ተምታቶብዎት አያውቅም።»

ለካ ዱሆ ከሷ ቀድመው አንብበውታል፤ ከማሞቂያው ሲነሡ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ቀኑ ላይ ነበር። አውቀው ነው ሦስቱንም ተሸክመው የቆሙት። ያንሱን ሄዳ ከፊታቸው ተንበረከከች፤ ልጣጭ የያዛቸውን ጣቶቻቸውን በበርበሬ በቀሉት ጣቶቿ መካከል ያዘች። ከሁለቱ የማንኛቸው እጅ ዓይናቸውን እንዳቃጠለው አይታወቅም፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ ወደ ናኦሚቺ ዞረች። ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

«ሦስተኛውን የመለስኩት እኔ ነኝ» አለችው። «በገዛ አፌ። ጠይቆኝ ነበር፤ የለችም አልኩት።»

ናኦሚቺ ሦስተኛውን ፖስታ አንሥቶ ማኅተሙን አየ። ከደጅ እትዬ ማልሱን ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፤ እመቤቶቹ ይስቃሉ፤ አንዲቱ በተሰባበረ ኮሪያኛ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ከዚያ እሱም ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ እንደምንም ከወለሉ ላይ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ያንሱን» አላት።

አባቷ ይጠሯታል፤ እትዬ ማልሱን ትጮህባታለች፤ ሰሌዳው በቀይ ይለፍፈዋል። ይህ ድምፅ ግን በዚያ ድልድይ ላይ ከቀረ ወዲህ ጠርቷት አያውቅም። ሃያ ዓመቷ ወደሷ ተመልሶ ሲመጣ፣ ማስቲሽ ማስቲሽ ሲሸታት፣ የቼሪ አበባ በጥቁር ውኃ ላይ ሲሄድ ታያት። ያጣችው እሱን ብቻ እንዳልነበር፣ የዚያችን ደፋር ልጅ ጓደኝነትም አጥታ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት።

«አሁን ብጠይቅ፣ አለች?» አላት።

«አለች» አለች ያንሱን። «አርጅታለች እንጂ፣ አለች።»

ዱሆ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ማንንም ሳያዩ ከመሣቢያው መዶሻ አወጡ፤ ወደ ቀኙ መግቢያ ወጡ። በመዶሻው ሚስማር መንቀያ ጫፍ «ካኔሞቶ» የምትለውን ጣውላ ነቀሏት፤ ሃምሳ ዓመት የቆየው ሚስማር እንደ ሰው አቃሰተ።

«ምን ሆኑ፣ አባቴ? በዚህ ብርድ ምን ያደርጋሉ?» አለች እትዬ ማልሱን።

«ሥራ አለኝ» አሉ ዱሆ።

ያንሱንና ናኦሚቺ በሚያዝያ ተጋቡ። በቤቱ በር ላይ አሁን ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ኪም፣ ሌላው ኦኩዳ ይላል። ሁለቱንም ጽፈው የቸነከሩት ዱሆ ናቸው።